አፓርታማ ሲከራዩ ቤቱን በሚኖሩበት ሰዓት ይዩት

በትልቅ ከተማ አፓርታማ የሚከራይ ሰው ቤቱን ብዙውን ጊዜ የሚያየው አንድ ቀን፣ ለዚያውም ለሩብ ሰዓት ያህል ነው። ደላላው በሩን ከፍቶ ይጠብቀዋል፤ ከእሱ ቀጥሎ ሊያይ የሚመጣ ሌላ ሰው እንዳለም ይነግረዋል፤ ተከራዩም መጋረጃው ተገልጦ፣ ወለሉ ተወልውሎ፣ መብራቱ ሁሉ በርቶ ያየውን ቤት ወዶ ቀብድ ይከፍላል። የሚኖረው ግን ሌላ ቤት ውስጥ ነው፤ ማለዳ ነዋሪው ሁሉ በሚታጠብበት ሰዓት ውሃው የሚቀጥንበት፣ ከሰዓት በኋላ የምዕራብ ፀሐይ የሚያቃጥለው፣ ሌሊት ደግሞ ከታችኛው ፎቅ የሞተር ድምፅ የሚሰማበት ቤት ውስጥ። ስለዚህ አፓርታማ መታየት ያለበት ሰው በሚኖርበት ሰዓት ነው፤ የታየውና የተነገረውም ገንዘብ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት በጽሑፍ መስፈር አለበት። ከዚህ በታች የሚቀርበው ምክር በሙሉ በእነዚህ በሁለቱ ላይ የቆመ ነው።

አቅምን ማስላት

ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት በወር ምን ያህል መክፈል እንደሚቻል በወረቀት ላይ መሥራት ያስፈልጋል። የቤት ወጪ ከገቢ 30 ከመቶ መብለጥ የለበትም የሚለው መለኪያ በብዙ አገሮች ይጠቀሳል። ይህን መለኪያ በስፋት ካሳወቁት አንዱ የአሜሪካ የመንግሥት ቤቶች ሕግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ተከራዩ ከገቢው ከ25 ከመቶ በላይ እንዳይከፍል ተደነገገ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ ጣሪያው ወደ 30 ከመቶ ከፍ አለ። ቁጥሩ ለመነሻ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ከቤት እስከ ሥራ ቦታ ያለውን መንገድ አይቆጥርም። ኪራዩ የሚቀንስ፣ ግን በአንድ ጉዞ ተጨማሪ 40 ደቂቃ የሚያስኬድ ቤት በቀን 80 ደቂቃ ይወስዳል፤ በወር 22 የሥራ ቀናት ቢኖሩ ይህ ከ29 ሰዓት በላይ ነው። በኪራዩ ላይ የተረፈው ገንዘብ ለዚያ ሁሉ ሰዓትና ለትራንስፖርቱ የሚበቃ መሆኑን እያንዳንዱ ሰው ለራሱ መመዘን አለበት፤ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው ደግሞ ሂሳቡን ለሥራውም ለትምህርት ቤቱም መንገድ ይሠራዋል።

ከወርሃዊው ኪራይ ሌላ የውሃ፣ የመብራት፣ የጥበቃና የጽዳት፣ የሊፍት ጥገና፣ የመኪና ማቆሚያ ክፍያዎች ይኖራሉ። አንዳንዱ አከራይ እነዚህን በኪራዩ ውስጥ ያካትታቸዋል፤ አንዳንዱ ለብቻ ያስከፍላል። የመግቢያው ቀን የሚያስፈልገው ገንዘብም ከአንድ ወር ኪራይ እጅግ ይበልጣል፤ ማስያዣው፣ የደላላው ኮሚሽንና የዕቃ ማጓጓዣው በአንድ ሳምንት ውስጥ ተደራርበው ይመጣሉ።

ሰፈሩን በሦስት የተለያዩ ሰዓቶች ማየት

ቤቱ ከተወደደ፣ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ወደ ሰፈሩ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይመለሱ። አንደኛው ጊዜ ሰው ወደ ሥራ በሚወጣበት ማለዳ ነው፤ ከሕንፃው ደጃፍ ተነሥተው እስከ ሥራ ቦታዎ በትክክለኛው የመጓጓዣ ሰዓት ይሂዱ። ሁለተኛው ሰው ወደ ቤቱ የሚመለስበት ምሽት ነው፤ መንገዱ መብራት እንዳለው፣ ከመውረጃው እስከ በሩ ያለውን በእግርዎ ሲሄዱ ሰውነትዎ የሚረጋጋ መሆኑን ያያሉ። ሦስተኛው፣ ሰዎች ዘወትር የሚተዉት፣ ሌሊት ነው።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት እሑድ ረፋድ ላይ አይቼ ወደድኩት፤ አከራዩን «ጸጥ ያለ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ፤ «በጣም» አለኝ። በገባሁ በመጀመሪያው ሌሊት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ አልጋዬ ሥር የሆነ ነገር መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሕንፃው የውሃ መግፊያ ፓምፕ በቀጥታ ከመኝታ ክፍሉ በታች ነበር፤ በሌሊት የጣሪያውን ታንከር ሞልቶ እስኪጨርስ ድረስ ለሁለት ሰዓት ያህል ይሠራል። እሑድ ረፋድ ላይ ፓምፑ ስለማይነሣ ምንም አልሰማሁም። ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውሃ ክብ ክብ እየሠራ ሲንቀጠቀጥ እያየሁ ያነጋሁበትን ሌሊት እስካሁን አስታውሳለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ለጤናማ እንቅልፍ በመኝታ ክፍል ውስጥ የማያቋርጥ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል መብለጥ እንደሌለበት ያሳስባል፤ ይህም በሹክሹክታ የመነጋገር ያህል ድምፅ ነው። ፓምፕ፣ ጄኔሬተር፣ የሊፍት ሞተር፣ ብረታ ብረት ቤትና ሙዚቃ ቤት የት እንዳሉ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከዚያ ወዲህ የአጠያየቅ መንገዴን ለውጫለሁ። «ውሃ አለ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አለ» ይላል፤ ይህም ውሸት አይደለም። «ውሃ ለመጨረሻ ጊዜ የጠፋው መቼ ነበር? ስንት ቀንስ ቆየ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ግን አስቦ መመለስ አለበት። ይህንኑ ጥያቄ ለአከራዩ፣ ለጥበቃውና ደረጃ ላይ ለሚያገኟት አንዲት ነዋሪ ለየብቻ ያቅርቡ። ጥበቃው ሕንፃውን ሌሊትና ቀን ያውቀዋል፤ ነዋሪዋ ደግሞ ከኪራዩ ጥቅም የላትም። የቀድሞው ተከራይ ለምን እንደወጣ መጠየቅም ነውር የለውም፤ ሦስቱ የሚሰጡት መልስ የማይገጥም ከሆነ ያ ራሱ መልስ ነው።

ቤቱን መመርመር

ከሁሉ በፊት ውሃውን ይሞክሩ። አሥር ሊትር የሚይዝ ባልዲ ይዞ መሄድ የሚያሳፍር አይደለም። የሻወሩን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፍተው ባልዲውን ይሙሉና ሰዓት ይያዙ፤ በ1 ደቂቃ ገደማ ከሞላ ደህና ነው፤ ከ2 ደቂቃ በላይ ከወሰደ ገላ መታጠብ በየቀኑ የሚያስቸግር ጉዳይ ይሆናል። ከዚያ የማድ ቤቱን ቧንቧ ደርበው ከፍተው ይድገሙት፤ ቤተሰብ ባለበት ቤት ሁለቱ ቧንቧዎች አብረው መከፈታቸው አይቀርምና። ግፊቱን የሚወስነው ውሃው ከየት እንደሚመጣ ነው። ከታች ወደ ላይ የሚገፋ ከሆነ በየ10 ሜትሩ ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ይጠፋል፤ አንድ ፎቅ ወደ 3 ሜትር ቢቆጠር ሰባት ፎቅ ላይ ሲደርስ ከ2 ባር በላይ ቀንሷል ማለት ነው። ከጣሪያ ታንከር በራሱ ክብደት የሚወርድ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ደካማው ግፊት ከታንከሩ ሥር ባለው በመጨረሻው ፎቅ ላይ ይሆናል። ስለዚህ «ስንተኛ ፎቅ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ የታንከሩን ቦታ ሳያውቁ አይመለስም።

ቧንቧዎቹን ሁሉ ከዘጉ በኋላ ወደ ውሃ ቆጣሪው ይሂዱ። ከቁጥሮቹ አጠገብ ያለችው ትንሽ መዘውር ለአምስት ደቂቃ ያህል ትታይ፤ ሁሉም ተዘግቶ እሷ የምትዞር ከሆነ አንድ ቦታ ውሃ እየፈሰሰ ነው፤ ሂሳቡ ደግሞ በስምዎ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከመጸዳጃው ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው።

እርጥበት ከውሃ ይልቅ ሊደበቅ ይችላል። ግድግዳው በሙሉ ያረጀ ቀለም ሆኖ አንዱ ጥግ ብቻ አዲስ ከተቀባ፣ የተቀባበትን ምክንያት ይጠይቁ። ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ጥቂት አንሥተው ከኋላው በስልክዎ መብራት ይመልከቱ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው። መዳፍዎን በግድግዳው ላይ ያሳርፉ፤ እርጥበት ያለበት ቦታ ከአካባቢው ይቀዘቅዛል። በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ልስን ከግድግዳው ለቅቋል። የእጅ መታጠቢያው ሥር ያለውን መዝጊያ ከፍተው ጠረኑን ያሽትቱ፤ ቤቱ ተጸድቶ ሽቶ ቢረጭበትም ያ ቦታ እውነቱን ይናገራል። የእርጥበቱን ምክንያት መለየትም ይጠቅማል። ጠርዙ ቡናማ ሆኖ እንደ ካርታ የተዘረጋ እድፍ በአብዛኛው ከላይ ወይም ከቧንቧ የሚፈስ ውሃ ነው፤ ይህን አከራዩ ሳይጠግን መግባት አይገባም፤ ቀለም አያድነውም። በውጭ ግድግዳ ጥግና በመስኮት ዙሪያ የሚወጣ ጥቁር ነጠብጣብ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው የምግብና የሻወር እንፋሎት መውጫ አጥቶ በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ነው፤ የማድ ቤቱና የመታጠቢያው መስኮት የሚከፈት ከሆነ ይቀንሳል፤ መስኮት ከሌለ ግን አብሮዎት ይኖራል።

መብራትን በተመለከተ፣ ማብሪያውን ተጭኖ ማየት አይበቃም። ስልክ መሙያ ይዘው እያንዳንዱን ሶኬት ይሞክሩ፤ ጠርዙ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ሶኬት የእሳት ምልክት ነው። የብሬከሩን ሳጥን ከፍተው በላዩ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። በ220 ቮልት መስመር 16 አምፔር ብሬከር የሚሸከመው 3,520 ዋት ያህል ነው፤ በዚያ አንድ መስመር ላይ 2,000 ዋት የውሃ ማፍያና 2,000 ዋት ካውያ አብረው ቢሰኩ ከአቅሙ በላይ ስለሚጫን ብሬከሩ ሊወድቅ ይችላል። መውደቁ ደህንነት ነው፤ የሚያስፈራው እንዳይወድቅ ተብሎ በትልቅ ብሬከር የተተካው ነው፤ ሽቦው ግን ያው ቀጭኑ ሽቦ ስለሆነ በግድግዳ ውስጥ ይግላል። ምግብ በጋዝ የሚበስልበት ወይም ውሃ በጋዝ የሚሞቅበት ቤት ከሆነ፣ አየር የሚገባበትና ጭሱ የሚወጣበት መንገድ መኖሩን ያረጋግጡ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሰውን ሳያነቃ በእንቅልፉ ይገድላል።

ስለ ፀሐይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የስልክ ኮምፓስ ይዘው መስኮቶቹ ወዴት እንደሚያዩ ይመልከቱ። ወደ ምዕራብ የሚያይ መኝታ ክፍል ከሰዓት በኋላ የሰበሰበውን ሙቀት ይዞ ሊያመሽ ይችላል። ሜትር ይዘው የፍሪጁን፣ የአልጋውንና የቁምሳጥኑን ቦታ ይለኩ፤ ከዚያም የቤቱን በር፣ የሊፍቱን በርና የደረጃውን መታጠፊያ ይለኩ። ስምንት ሰው የሚይዝ ሊፍት በተለምዶ እስከ 630 ኪሎ ይሸከማል፤ ክብደቱ ችግር ባይሆንም ረጅም ሶፋ በበሩ አይገባም። ከመውጣትዎ በፊት ሊፍቱን ትተው በደረጃ ይውረዱ። የአደጋ ጊዜ መውጫው በሰንሰለት የተቆለፈ ወይም በዕቃ የተዘጋ ከሆነ፣ የመስኮቱ የብረት ፍርግርግም ከውስጥ የማይከፈት ከሆነ፣ ቤቱ ምንም ያህል ቢያምር እኔ አልከራየውም።

የሚያከራየው ማን ነው?

ቁልፍ የያዘ ሰው ሁሉ ባለቤት አይደለም። የቤቱን የባለቤትነት ማረጋገጫና የአከራዩን መታወቂያ ጎን ለጎን አስቀምጠው ስሙን፣ የሕንፃውንና የቤቱን ቁጥር ያመሳክሩ። የሚያከራየው ወኪል ከሆነ፣ ውክልናው ቤቱን የማከራየትና ኪራይ የመቀበል ሥልጣን በግልጽ የሚሰጥ መሆኑን ያንብቡ፤ ቤቱን ለመጠበቅ ወይም ጉዳይ ለመከታተል ብቻ የተሰጠ ውክልና ለማከራየት አይበቃም። የሚያከራየው ራሱ ተከራይ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ በጽሑፍ የፈቀደበት ወረቀት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ባለቤቱ በመጣ ቀን በእጅዎ ያለው ውል ከሜዳ ላይ መውደቅ አያድንዎትም።

በየከተማው የሚደጋገም አንድ የማጭበርበር ዘዴ አለ። ቤቱ ከአካባቢው ዋጋ በብዙ ይረክሳል፤ ባለቤቱ ሩቅ አገር ነው ይባላል፤ ቤቱን ከውስጥ ለማሳየት አይመችም፤ ሌላ ሰው እንዳይቀድምዎ ግን ዛሬውኑ ገንዘብ እንዲልኩ ይጠየቃሉ። በገዛ ዓይንዎ ከውስጥ ላላዩት ቤት፣ ሰነዱን ላላነበቡለት ሰው አንድም ሳንቲም አይክፈሉ። ቀብድ ሲከፍሉም የተከፈለበት ቤት፣ መጠኑ፣ ቀኑና ውሉ ባይፈረም የሚመለስ መሆን አለመሆኑ በደረሰኝ ላይ ይጻፍ። የደላላውን ኮሚሽን ማን እንደሚከፍልና መቼ እንደሚከፈል ቤት ማየት ከመጀመራችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ውል ሳይፈረም የሚከፈል ኮሚሽን የሚመለስበት ዕድል ትንሽ ነው።

ውሉ

የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 4፣ አንድ ቤት በቂ መኖሪያ ለመባል ማሟላት ያለበትን ሲዘረዝር በመጀመሪያ ያስቀመጠው የይዞታን ሕጋዊ ዋስትና ነው፤ ከውሃውም፣ ከዋጋውም፣ ከጣሪያውም በፊት። ለተከራይ ይህ ዋስትና የሚገኘው በዋናነት ከውሉ ነው። የተዋዋዮቹ ስምና አድራሻ፣ የቤቱ ቁጥርና ፎቅ፣ የኪራዩ መጠን፣ የሚከፈልበት ቀንና መንገድ፣ የውሉ ዘመን፣ ኪራይ የሚጨመርበት ሁኔታ በማናቸውም ውል ውስጥ ይገኛሉ። ጠብ የሚነሣው ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በሦስት ነገሮች ነው፤ በማስያዣው፣ በጥገናውና በመውጫው።

ማስያዣ የአከራዩ ገንዘብ አይደለም፤ ጉዳት ቢደርስ እንዲካስበት በአደራ የተቀመጠ የተከራዩ ገንዘብ ነው። ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ የሚኖሩበትን ከተማ ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ በጀርመን ማስያዣው ከሦስት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ተከራዩም በሦስት ወር ከፋፍሎ ሊከፍለው ይችላል። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አከራዩ ማስያዣውን ተቀባይነት ባለው የጥበቃ ሥርዓት እንዲያስመዘግብ ይገደዳል። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት ቦታ መጠኑን፣ የሚቀነስባቸውን ምክንያቶችና የሚመለስበትን ቀን ውሉ ራሱ መወሰን አለበት። በተለይ በአገልግሎት ብዛት የሚመጣ እርጅናና በጥፋት የሚደርስ ጉዳት ይለያይ፤ በሦስት ዓመት የደበዘዘ ቀለም እርጅና ነው፤ በር ላይ የተበሳ ቀዳዳ ጉዳት ነው። «ቤቱን እንደተረከበ ይመልሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ፣ «በአግባቡ በመጠቀም ከሚመጣ እርጅና በስተቀር» የሚል ይጨመርበት።

በጥገና ረገድ «አስፈላጊው ጥገና ይደረጋል» የሚል አንቀጽ ማንንም አያስገድድም። «በግድግዳና በወለል ውስጥ ያለ ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ጣሪያና መስኮት ሲበላሽ አከራዩ በጽሑፍ በተነገረው በ7 ቀን ውስጥ በራሱ ወጪ ያስጠግናል፤ አምፖልና የቧንቧ ጎሚኒ የመሳሰለውን ተከራዩ ይቀይራል» ተብሎ ሲጻፍ ግን ማን፣ ምን፣ በስንት ቀን የሚለው ተመልሷል። አከራዩ በተወሰነው ቀን ካላስጠገነ ተከራዩ አስጠግኖ ከኪራይ መቀነስ ይችል እንደሆነም አብሮ ይወሰን። ስለ መውጫው ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ከስንት ቀን በፊት ማስታወቅ እንዳለባቸው፣ ውሉ ከዘመኑ በፊት ቢቋረጥ ምን እንደሚከፈል፣ አከራዩ ቤቱን ቢሸጥ ውሉ የሚቀጥል መሆኑ ይገለጽ። አከራዩ ወደ ቤት ለመግባት አስቀድሞ መናገር እንዳለበትም መጻፉ ለሁለቱም ሰላም ነው። በቃል የተሰጠ ተስፋ ሁሉ፣ «መጋረጃውን እተውልዎታለሁ»፣ «ቀለሙን በወሩ መጨረሻ አስቀባለሁ» የሚለው ሳይቀር፣ በውሉ ይግባ። ኪራዩም በባንክ ይከፈል፤ በጥሬ ገንዘብ ከተከፈለ ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይለዩ።

ርክክብ

ቁልፍ የሚቀበሉበት ቀን የጥድፊያ ቀን ነው፤ ዕቃ የጫነው መኪና ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ርክክቡ ዕቃ ከሚገባበት ቀን በፊት በባዶ ቤት ይደረግ። ከአከራዩ ጋር ከክፍል ክፍል እየዞራችሁ የተሰነጠቀውን ንጣፍ፣ የተጫረውን በር፣ የማይዘጋውን መስኮት በአንድ ዝርዝር ጻፉ፤ የውሃና የመብራት ቆጣሪውን ንባብ፣ የተሰጡትን ቁልፎች ብዛት ጨምሩበት፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት። እያንዳንዱን ጉድለት በፎቶ ያንሡ፤ ፎቶዎቹን በዚያኑ ቀን ለአከራዩ ይላኩለት፤ የተላከበት ቀን በራሱ ማስረጃ ይሆናልና። የቀድሞው ተከራይ ያልከፈለው የውሃና የመብራት ዕዳ አለመኖሩን ቁልፍ ከመቀበልዎ በፊት ያጣሩ። በአከራዩ ፈቃድ የበሩን ቁልፍ ማስቀየርም ጥሩ ነው፤ ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሰዎች ስንት ቅጂ እንዳስቀረጹ የሚያውቅ የለም።

ባዶ ቤት ውስጥ ያልታየ ጉድለት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይወጣል፤ ሻወሩ በተከፈተ ቁጥር ወለሉ ላይ ውሃ ይቆማል፤ ፍሪጁ ሲነሣ መብራቱ ይደበዝዛል። ያገኙትን ሁሉ ወዲያውኑ በጽሑፍ አሳውቀው የርክክቡ ዝርዝር ላይ ያስጨምሩ። ያንን ዝርዝር ከውሉ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጡት፤ ቤቱን በሚለቁበት ቀን አከራዩና እርስዎ ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ፣ በያንዳንዱ ክፍል ቆማችሁ፣ የቆጣሪውን ንባብ ጽፋችሁ፣ ቁልፎቹን ቆጥራችሁ ትረካከባላችሁ፤ ማስያዣዎም በዚያ ወረቀት ላይ ባለው መሠረት ይመለስልዎታል።